በሎሚ የታሸው ሰይፍ

ሰኞ፣ ጥቅምት 30፣ 2002 ዓ.ም.፣ ጠዋት

የጃፓን ሰይፌን ዘይት ቀባሁት። እጀታውን አውልቄ፣ ብረቱን በለስላሳ ወረቀት ጠርጌ፣ እንደ ሁልጊዜው። መልሼ ልገጥመው ስል እጀታውን የምትይዘዋን ትንሿን የቀርከሃ ችንካር ማየት አቃተኝ። መዳፌ ላይ ሆና አጣኋት። የዓይኔ ሞራ ይህን ያህል ገፍቷል። ተናደድኩና እጀታውን ሳልገጥም ተውኩት። በጨርቅ ጠቅልዬ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ነገ ሆስፒታል ነኝ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ማጎንበስም ዕቃ ማንሳትም ክልክል ነው። ሰናይት ከደቡብ ሎንደን፣ ከክላፋም መጥታ ሳምንቱን እኔ ጋ ልታድር ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጄ እዚህ ቤት አድራ አታውቅም። አልጋዋን አነጠፍኩ፣ አፈረስኩ፣ እንደገና አነጠፍኩ። ማስታወሻዬ፣ አትሳቅብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 2፣ ከሰዓት

በአንድ ዓይን ነው የምጽፈው። መስመሩ ቢጣመም ምን ይደረግ። ኦፕራሲዮኑ ቶሎ አለቀ፣ አላመመኝም። ሶፋው ላይ ተጋድሜአለሁ። ሰናይት ወጥ ቤት ናት። የሆነ ነገር ትፈትጋለች፣ ድስት ይሆናል፣ እያንጎራጎረች። ራዲዮኑን ዘጋሁት። ይህ ቤት ከሱ ሌላ ድምፅ ከሰማ ቆይቷል። ደስ ብሎኛል፤ ሌላ ምን ልበል።

ምሳ ላይ ስለ ሰይፉ ጠየቀችኝ። ከዚህ በፊት ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አፌ ተፈታ። ሆሎዌይ መንገድ ላይ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ቤት፣ ከመጋረጃ ክምር ሥር እንዳገኘሁት። የሠሪው ፊርማ እንደሌለበት። የሰይፍ ክለባችን ሰዎች ሁሉ ቅርብ ጊዜ የተሠራ ነው ሲሉኝ፣ እኔ ብቻ አራት መቶ ዓመት አያንሰውም እያልኩ ስሟገት እንደኖርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከጃፓን አንድ አዋቂ መጥተው ዕድሜውን ሊፈርዱ እንደሆነ። «አባዬ፣ ስለ ሰይፉ የምታውቀውን ያህል ስለ እኔ አታውቅም» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን ከነከነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 4፣ ጠዋት

ዓይኔ ጠራ። ግድግዳው ለካ ነጭ ነው፤ ስንት ዘመን ቢጫ ይመስለኝ ነበር። የሰናይት ግንባር ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። መቼ ወደቀች?

ከዚያ ጨርቁን ፈታሁ።

ጭራው ያበራል። እጀታው ውስጥ የሚገባው፣ የማይታየው የብረቱ ጭራ፣ እንደ ማንኪያ ያበራል። ሰናይት አጠገቤ ቆማ ፊቴን ታያለች፣ ፈገግ ብላ።

«አባዬ፣ ሰርፕራይዝ ላደርግህ ብዬ ነው። በጣም ዝጎ ነበር። እማዬ ቢላዎቹን እንደምታደርጋቸው፣ በሎሚና በአመድ አሸሁት። አመዱን ታች ካለው ጎረቤት ነው ያመጣሁት፣ ሥጋ ባርቤኪው ካደረገበት።»

አመድ ፍለጋ ሎንደን ውስጥ በር አንኳኩታለች። ረቡዕ ሶፋው ላይ ሆኜ ደስ እያለኝ የሰማሁት ያ ፍትጊያ ይህ ነበር።

የሰይፍ ሰው የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ስለቱ ይወለወላል፣ ጭራው አይነካም። እዚያ ላይ ያለው ጥቁር ዝገት ነው ዕድሜውን የሚናገረው። ፊርማ የሌለው ሰይፍ ደግሞ ሌላ ምስክር የለውም። ረቡዕ ምሳ ላይ ሁሉን ነገርኳት፣ ይህን ብቻ ሳልነግራት ቀረሁ። 

ጎሽ አልኳት። ድምፄ ግን እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 6፣ ማታ

ሄደች። እስከ ማክሰኞ ልትቆይ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እሺ፣ አይ፣ ደክሞኛል ብቻ ነው የመለስኩላት። ቴሌቪዥን ላይ አፈጠጥኩ። ያጠፋሁት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ። ሥራ አለብኝ ብላ ቦርሳዋን አነሣች። በር ላይ ሳመችኝ። አትሂጂ ማለት አንድ ቃል ነው፤ አልወጣኝም።

አልጋዋን አንጥፋው ነው የሄደችው፣ እንደ ሆቴል እንግዳ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት

ሰይፉን ይዤ ክለብ ሄድኩ። መቅረት እችል ነበር። ግን ቅዳሜ ከዚያ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

አዋቂው ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጭን። ጎንበስ ብለው ሰይፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ስለቱን በመብራቱ ሥር አዘነበሉት፣ ብዙ ቆዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደውታል። ወደ ጭራው ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። በአስተርጓሚ ነገሩን፤ ብረቱ መልካም ነው፣ ያረጀም ይመስላል፣ ነገር ግን ምስክሩ ስለጠፋ ቃላቸውን ሊሰጡ አይችሉም።

ሚስተር ሃሮልድ፣ ክለቡን የመሠረተው፣ መነጽሩን አወለቀ። ማን ነካው አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

 አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ዝገት አትንኩ እያልኩ ጣቴን የማወዛውዘው እኔ ነኝ። ቀጣዩ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሚስተር ሃሮልድ እኔን አልፎ ከጎኔ ላለው ሰጠው። ሻይ ሳልጠጣ ወጣሁ። አውቶቡስ ላይ ዕንባዬ መጣ። ለዓይኔ የታዘዘውን ጠብታ አውጥቼ ጨመርኩበት፣ ሰው እንዳይጠረጥር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ

ሰናይት ደወለች። ሰይፉ እንዴት ሆነ አለች። መልካም ነው ብረቱ አሉ፣ አልኩ።  ከዚያ ስለ ጭራው ኢንተርኔት ላይ እንዳነበበች ነገረችኝ። ሁሉን አውቃለች፤ ቅዳሜ ማታ ነው ያወቀችው። ይህን ሁሉ ቀን ለመደወል ፈርታ።

ምንም አይደለም፣ ብረት ነው አልኳት። በዚህ ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

«ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፣ አባዬ። አንተ ዝም ስትል እኮ ቤትህ የመጣሁ ቪዚተር ነው የምመስለው። እማዬ ብትሆን ጮሃ፣ ጮሃ፣ ከዚያ ምሳ ትሰጠኛለች።»

ስልኩን ዘጋችው። 

ሐሙስ፣ ኅዳር 17፣ ጠዋት

አልተኛሁም። እውነት ነው የተናገረችው። የጎረቤት ልጅ ቢያበላሽብኝ እንዲሁ ጎሽ ብዬ በትሕትና እሸኘው ነበር። ለልጄም ያንኑ አደረግሁ። ትሕትናዬ ያስጠላኛል።

ደወልኩ፣ አታነሣም። ሥራ ላይ ትሆናለች። እስከምትመለስ ደጇ ላይ እጠብቃለሁ። ቤቷን አላውቀውም፣ አድራሻው ግን አለኝ።

ማስታወሻዬ፣ ወስኛለሁ። ክላፋም ሄጄ ልጮህባት ነው። አራት መቶ ዓመት የቆየ ነገር እንዴት በሎሚ ታሺዋለሽ፣ ሳትጠይቂኝ፣ የማን ልጅ ነሽ አንቺ፣ ብዬ። ደረጃው ላይ ጎረቤቶቿ እስኪወጡ ድረስ። ከዚያ ምሳ እንበላለን፣ ካለ። ኮቴን ለብሻለሁ፣ ቁልፌን ይዣለሁ።