ግማሽ ሜዳ፣ ግማሽ ቡና

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬም የቅርጫት ኳስ ሜዳው ግማሽ ቀይ ነው። ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ቡና ከመሐል መስመሩ እስከ ወዲያኛው ቅርጫት ድረስ ተሰጥቷል። ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ሰፊ ቦታ ይሄ ብቻ ነው። የቴፒ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም፤ መሬት ላይ ያሰጡት ይሻግታል። ስለዚህ የግቢው ሠራተኛ ሁሉ በየዓመቱ ቡናውን እዚህ ያመጣል። ቅርጫቶቹ ራሳቸው የተተከሉት ከቡናው በኋላ ነው ይላሉ። እኛ በቀረችን ግማሽ እንለማመዳለን።

አንሡልኝ እንዳልል... በየት አፌ? መሐል መስመሩን ታክኮ ያለው ሰፊው ስጥ የማናልሞሽ ነው። የገዛ ሚስቴ።

ከሰዓት የግቢው ስፖርት ኃላፊ ፍቅሩ ጠራኝ። «ገሠሠ፣ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ዘንድሮ ለጅማው ውድድር ይመዝገብ ወይስ ይቅር? ኅዳር ሳያልቅ ቁርጡን ንገረኝ።» ዓምና አልተመዘገብንም። ዘንድሮም ከቀረን ቡድኑ ይሰረዛል፤ ያለን ትጥቅ ሁሉ ለመረብ ኳስ ይሄዳል። ላስብበት አልኩት። ምኑን እንደማስብ እንጃ። ጉልበቴን አሞኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ዝናብ። ልምምድ ልንጀምር ስንል። ልጆቹ ኳሷን ጥለው ቡናውን ሸራ ሊያለብሱ ሮጡ። አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ፣ ያለ አንድ ቃል... ኳስ ላይ እንዲህ ተግባብተው አይቻቸው አላውቅም።

ርሼ ገባሁ። «ዛሬስ ጣውንቴ እንዴት ዋለች?» አለችኝ ማናልሞሽ። ቅርጫት ኳስን ማለቷ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ስሟ ይኸው ነው። አንድም ቀን ጨዋታ ላይ መጥታ አታውቅም። «ጣውንትሽ ቀረች፤ ቡናሽን ሸራ ስናለብስ ዋልን» አልኳት። ደስ አላት መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

እስቲ ቡድኑን ልመዝነው።

ዲቦራ። እግዜር ቁመት ያልነፈጋት። እዚሁ ቴፒ አጠገብ ካለ የሸኮ መንደር ነው የመጣችው። ቅርጫት ሥር ከገባች የሚችላት የለም። የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ካልተመዘገብን ውድድር የሚባል ነገር ሳታይ ትመረቃለች። ይቺን ሳስብ ነው እምቢ ማለት የሚከብደኝ።

ሐፍሳ። የነጋዴ ልጅ፣ ኳስ አንጣሪዬ። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ከእጇ ይፈጥናል። ፀደንያ። ከሩቅ ትወረውራለች። ከገባላት ማቆሚያ የላትም፤ ካልገባላት ዕንባዋ ይቀድማል። ሌሎቹ... ሩጡ ሲባሉ ይሮጣሉ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

ተስፋ አለን? ቅዳሜ ሚዛን ከተማ ላይ የወዳጅነት ጨዋታ አለን። እሱን አይቼ እወስናለሁ።

ዛሬ ኳሷ አመለጠችና ወዲያኛው ቅርጫት ሥር ያለው ቡና ላይ ወደቀች። የእትዬ የምሥራች ነው። የሴቶቹ ማደሪያ ጽዳት ናቸው፤ ማገላበጫ እንጨታቸውን ይዘው ቡናቸውን ሲጠብቁ ይውላሉ። ኳሷን አንሥተው ብብታቸው ሥር ሸጎጧት። «ኳስ ቢያድር አይሻግት! ነገ ትወስዳላችሁ!» ይግባኝ የለም። በዚያው ተበተንን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሚዛን። ተሸነፍን። መሸነፉስ የታወቀ ነበር። አሸናነፉ ነው...

ኳስ ይነጥቃሉ፣ ደህና አድርገው። ይወጣሉ። መሐል መስመሩ ጋ ሲደርሱ ቀጥ! ዲቦራ ኳስ ይዛለች፣ ከፊቷ አንድ ሰው የለም፣ ቅርጫቱ ባዶውን ይጠብቃታል... ቆመች። ዙሪያዋን ታያለች። መጥተው ነጠቋት። ደግሞ ሐፍሳ፣ እንደዚያው። ደግሞ ፀደንያ። «እዚያ ጋ አጥር አለ እንዴ?» አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው። ሰዉ ሳቀ።

በዕረፍት ዲቦራ ላይ ጮኽኩባት። «ከደከመሽ ተናገሪ!»

«አልደከመኝም ቲቸር። እግሬ እምቢ አለኝ።»

ሰነፍ አልኳት። ጓደኞቿ ፊት። ቀና ብላ አላየችኝም። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ማንም አልዘፈነም። ሐፍሳ እንኳ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ገባኝ። ምነው ሳይገባኝ በቀረ።

ዛሬ ወንበር ስቤ እግር እግራቸውን ብቻ አየሁ። ሐፍሳ ኳሷን ገፋች። ኳሷ መስመሩን አልፋ ቡናው ላይ ወጣች። ሐፍሳ ግን መስመሩ ላይ ቀጥ። ወደ ታች እንኳ አላየችም! ዓይኗ ቅርጫቱ ላይ ነው፤ የቆመው እግሯ ነው።

ዲቦራን ጠራኋት። «ሚዛን ላይ እኮ ቡና አልነበረም» አልኳት።

«አልነበረም ቲቸር። ግን እኛ ቤት ቡና ላይ በጫማ የወጣ ልጅ እራት አይበላም። እዚህ ደግሞ ያቺ መስመር... ከሷ ወዲያ ቡና ነው። እግሬ የሚያውቀው ይሄንን ነው።»

ሁሉም እንደዚያው ነው ያደጉት። ቀሪውን እኔ አስተማርኳቸው። በየቀኑ፣ በግማሽ ሜዳ፣ እስከ መስመሩ። አሠልጣኝ ተብዬው!

ይቅርታ ጠየቅኳት። «ችግር የለም» አለች። ችግር እንዳለ ፊቷ ይናገራል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

«እለፉ!» ስል ዋልኩ። እሺ ይላሉ። ይቆማሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ለማናልሞሽ ሁሉንም ነገርኳት። ማክሰኞ ለፍቅሩ ምዝገባው ይቅር ልለው ነው፤ ደክሞኛል፤ እነዚህን ልጆች ጅማ ድረስ ወስጄ መሳቂያ አላደርጋቸውም አልኳት።

«እስቲ ድገምልኝ... መስመሩ ላይ ሲደርሱ ቀጥ?» ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ከዚያ ወጡን አማሰለች፣ ከደነች፣ እንደገና ከፈተች።

«ያን መስመር የያዘው የኛ ስጥ አይደል?»

«የኛ ነው።»

«ታዲያ ልጅቷን ሰነፍ ያልካት በኛ ቡና ነዋ።»

እራቴን በላሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ለፍቅሩ የምለውን መንገድ ላይ እያዘጋጀሁ ሜዳው ጋ ስደርስ ማናልሞሽ ቀድማኝ ቆማለች። ማገላበጫዋን ተደግፋ። ቡና ልታገላብጥ መስሎኝ ነበር።

«ዲቦራ የትኛዋ ናት?» አለችኝ። አሳየኋት።

«ነይ የኔ እናት። ኳስሽን ያዢና በዚህ ቡና ላይ ሩጪ።»

ዲቦራ እኔን አየች። እኔ ማናልሞሽን አየሁ። «ይፈረከሳል እኮ» አልኳት።

«የኔ አይደል? ይፈርከስ።»

ንቅንቅ ያለ የለም። እትዬ የምሥራች ከወዲያ ጮኹ። «ኧረ ምን ጉድ ነው! የሰው ልፋት በጫማ?»

ማናልሞሽ ከነጫማዋ ገባች። መሐሉ ድረስ። የደረቀው ቡና ከሥሯ ሲንኮሻኮሽ ሁላችንም ሰማነው። ለቅማ፣ ተሸክማ፣ ስታገላብጥ የከረመችው ቡና...

«አያችሁ? ምንም አልሆንኩም» አለች ዞር ብላ። ድምጿ ግን ቀጠን ብሎ ነበር።

ዲቦራ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ መስመሩ ጫፍ ላይ ቆመች። ቆየች። ጀመረችው ስል ተወችው። ከዚያ ገባች! ኳስ ቡና ላይ የት ይነጥራል? አመለጠቻት፣ አባረረቻት፣ ያዘቻት፣ ደግሞ አመለጠቻት። የእትዬ የምሥራች ስጥ ጫፍ ላይ ስትደርስ ወረወረች። አልገባም። ኳሷ የእትዬ የምሥራች ቡና ላይ ዘፍ አለች።

እትዬ የምሥራች ኳሷን አነሡ። አለቀ፣ ብብታቸው ሥር ገባች ስል መልሰው ለዲቦራ ወረወሩላት። «በጫማሽ ድገሚው!»

በጫማዋ ደገመችው። ከዚያ ሐፍሳ እየጮኸች፣ ፀደንያ ዓይኗን ጨፍና፣ ከዚያ ሁሉም። አንድም ኳስ አልገባም። የቆመም የለም።

ከሰዓት ልጆቹ ራሳቸው የኛን ቡና ሰብስበው ጆንያ ውስጥ ከተቱልን። ብዙው ተፈርክሷል። ከእንግዲህ ጓሮ የቡና ማስጫ አልጋ ሠርተን እናሰጣለን። እትዬ የምሥራችም የራሳቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርገዋል። ብዙ አይደለም፤ ግን ገፋ አድርገዋል።

ፍቅሩ ጋ ሄድኩ። መዝግበን አልኩት።

«ተስፋ አላችሁ?»

«የለንም። ግን መሐሉን እናልፋለን።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። እኔም አላስረዳሁትም። ጉልበቴ እንዳመመኝ ነው፤ ልምምዱ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ከመስመሩ ወዲያ ሊሻገር ነው።

ቤት ስገባ ማናልሞሽ የተፈረከሰውን ከደህናው እየለየች ነበር። ከጎኗ ቁጭ ብዬ አብሬ ለቀምኩ። «ውድድሩ የት ነው ያልከኝ?» አለች።

«ጅማ።»

«ከጣውንቴ ጋር ብቻህን ጅማ አትሄድም» አለችኝ።