ውጤቱን ለአባትህ ስነግር

ሰሌዬ፣ የኔ ሆድ፣

እንደምን አለህ ልል ስል እጄ ተያዘ። አንተ ወዳለህበት እንደምን አለህ ይባል እንደሁ ማን ይነግረኛል? ቢሆንም እንደምን አለህ። ከተለየኸኝ ወዲህ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ አሁን ሁዳዴ ገብቷል። ስትሄድ የኮሌጆቹ የቅርጫት ኳስ ሊግ ገና መሟሟቁ ነበር፤ ዛሬ ሊያልቅ ጥቂት ጨዋታ ቀርቶታል። አየኸኝ? ጊዜን በኳስ የምቆጥር ሴት ሆንኩልህ። እኔ፣ ጨዋታ ሲጀመር ሪሞቱን ትራስ ስር የምደብቅብህ!

ቤቱ እንዳለ ነው። የሐበሻው ሰፈራችን ፌርፋክስም እንዳለ ነው። ሱቁ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ስመዝን እውላለሁ፤ ሰው ሲገባ አይዞሽ ይለኛል፣ ሲወጣ ዲስካውንት ይጠይቀኛል። መኪናህን አሁን የምነዳት እኔ ነኝ። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠግቼ ፓርክ አደርጋታለሁ፣ ጠዋት ስገባ እግሬ ፍሬኑ ላይ አይደርስም። ጓደኛህ መኮንን አይቶ የወንበሩ መቆለፊያ ላልቶ ነው አለኝ። እሺ፣ ላልቷል። ሬዲዮው በራሱ ስፖርቱ ላይ የሚሄደውስ ምኑ ላልቶ ነው? ባለፈው በዌስትውድ ሳልፍ፣ አንተ ትሠራበት በነበረው የኮሌጁ ፓርኪንግ በር ላይ፣ ቀይ ጃኬትህን ለብሰህ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ቆመህ አየሁህ። ክላክስ አደረግኩ። ሲዞር የማላውቀው ሰው ነው። እጁን አውለበለበልኝ፣ እኔም አውለበለብኩለት፤ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር እስክደርስ ድረስ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየሁ ነዳሁ።

ለምን እንደማታርፍ ይገባኝ ነበር። ከቀብርህ በኋላ የሠራነውን ልንገርህ።

አንተ ሥራ ቦታህ ላይ በድንገት ስትወድቅ አባትህ ጋሼ ወርቁ የልብ ኦፕራሲዮን አድርገው ገና አልጋ ላይ ነበሩ። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኛቸው ብሎ አስጠንቅቋል። እህትህ ትዕግሥት፣ ዘመዱ፣ የእድሩ ሰው ተሰበሰብንና ትንሽ እስኪጠኑ መርዶው ይቆይ ተባለ። የእኛን ሰው ታውቀዋለህ፣ መርዶ ማቆየት ይችልበታል። ሶ አንተን የከባድ መኪና ሹፌር አደረግንህ። ጭነት ይዞ ቴክሳስ ሄዷል፣ ረጅም መንገድ ነው የሚሠራው፣ በረሃው ላይ ኔትወርክ የለም፣ ሲያገኝም ለእኔ ብቻ ነው የሚደውለው። ይሄ ምን ውሸት ይባላል? ሕፃን እንኳ አያምነውም። ጋሼ ግን እግዜር በሰላም ይመልሰው አሉ። ጋሼ ወዳሉበት፣ ሃውቶርን እነ ትዕግሥት ቤት በሄድኩ ቁጥር ጥቁሩን ልብሴን መኪና ውስጥ አውልቄ፣ ያቺን ቢጫ ሹራቤን ለብሼ ነበር የምገባው። ጉንጬን ስመው እንዴት ሰነበትሽ ይሉኛል፣ ደህና እላቸዋለሁ።

ከዚያ ኳሱ መጣ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከሥራ ቦታህ እየደወልክ የሊጉን የደረጃ ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች እንደምታነብላቸው አውቃለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስፖርት ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ ያለ ኳስ ምን አላቸው? አንድ ቀን ኩርምት ብለው ሳያቸው አንጀቴን በሉትና፣ ሰለሞን ውጤቱን ንገሪያቸው ብሎኛል አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላሰብኩበትም። አንዴ ካልኩት በኋላማ መመለሻ የለም።

ሶ ተማርኩልህ። መኮንን ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ እየመጣ ያስጠናኝ ጀመር። ሁለት ቡድን እኩል ሲሆን እርስ በርስ በተጫወቱት እንደሚለይ፣ የሊጉ ጨዋታ ለብቻ እንደሚቆጠር፣ ሁሉን አወቅኩ። በየቀኑ መኪናቸውን ስለምታቆምላቸው "የኛ ልጆች" የምትላቸው ሁለተኛ ነበሩ፣ ከላያቸው የበረሃው ኮሌጅ ቡድን፣ የበረሃዎቹ፣ ብቻ። ያ ግራኙ ልጅ፣ ቀጭን ነው ግን ዓይን አለው ያልከው፣ በሊጉ በነጥብ የሚቀድመው ጠፋ። የበረሃዎቹ ረጅም ደግሞ ከብረቱ የተመለሰ ኳስ ሁሉ የእሱ ነው፣ ለሰው አያስተርፍም። ስግብግብ ነው ስላቸው ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። አንዴ ጨዋታ ወስደኸኝ ትከሻህ ላይ እንቅልፍ የወሰደኝ ትዝ ይልሃል? አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ሲጮህ አንተ እንዳልነቃ ብለህ ተቀምጠህ ቀረህ። የመጨረሻዋን ጎል ሳታይ! ያኔ ሞኝ ነው ብዬ ስቄብህ ነበር።

እያደር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጨዋታ ከፍቼ ስቀመጥ ሶፋው በአንተ በኩል ዝቅ ይላል። ዞሬ አላይም፣ ካየሁ ትሄዳለህ ብዬ እፈራለሁ። ለጋሼ ስነግርም ያላሰብኩት ቃል ይወጣኛል። አንድ ቀን ስለ አሠልጣኙ፣ ይሄ ሰውዬ ታይም አውት የሚጠራው ቡድኑ ሲደክም አይደለም፣ እሱ ራሱ ሲደነግጥ ነው አልኩ። የእኔ አይደለም! እኔ ይሄን በምን አውቃለሁ? ጋሼ፣ እሱ እንዲህ አለ? አሉኝ። አዎ፣ እንዲህ አለ አልኳቸው።

የእድራችን እትዬ ጥሩነሽ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ያዙና፣ አባቱ ያላለቀሰለት ሰው እንዴት መንገዱን ይሄዳል፣ በር ላይ አስቁማችሁታል እኮ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላ አለኝ። ብንነግራቸው ልባቸው ይቆማል፣ ባንነግራቸው አንተ ቆመህ ትቀራለህ። አባትህን ልግደል ወይስ አንተን ላንከራትት? ምነው እንዲህ ያለ ምርጫ ላይ ጣልከኝ?

በዚህ መሀል የኛ ልጆች ከሊጉ ውራ ጋር ተጫውተው እንደገና ተሸነፉ። ግራኙም ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ አንክሶ ወጣ፣ ቡድኑ አራተኛ ወረደ። ደውዬ አንድ ሳላስቀር ለጋሼ ነገርኳቸው። በዚያው ሳምንት ሐኪሙ በርትተዋል አለ፣ ሽማግሌዎቹም ቅዳሜ ንጋት ላይ መርዶው ይነገራቸው ብለው ቆረጡ።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ቄሱ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ እኛ ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን በሩ ጋ። የመኮንን ሚስት ነርስ ስለሆነች የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛለች። ጋሼ የእግራችንን ኮቴ ሰምተው አልጋቸው ላይ ተነስተው ተቀመጡ። ቄሱ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ግቡ፣ ብቻዬን ማልቀስ ሰልችቶኛል አሉ።

ከዚያ እኔን በእጃቸው ፈልገው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ልጄ በተሸነፉ ቀን ደውሎልኝ አያውቅም አሉኝ። ከልጅነቱ ክፉ ወሬ ለእኔ መንገር አይሆንለትም፤ ስልኩ ዝም ሲል ነበር መሸነፋቸውን የማውቀው። አንቺ ግን በመጀመሪያው ሽንፈት ደወልሽ፣ ሰለሞን ንገሪያቸው ብሎኛል አልሽኝ። ያን ቀን ልጄን ቀበርኩት አሉ።

ሰሌ፣ ይሄን ለምን አልነገርከኝም? የመጀመሪያው ሽንፈት እኮ ጥምቀት ሰሞን ነው! ያን ሁሉ ጊዜ እያወቁ፣ በቢጫ ሹራብ ስገባ እያወቁ፣ ቴክሳስ ብርዱ እንዴት ነው ሲሉኝ እያወቁ! አማቴ መሆናቸውን ረስቼ፣ ታዲያ ምነው ዝም አሉ ብዬ ጮህኩባቸው። ጋሼም፣ ስለ እሱ ስታወሪ ድምፅሽ ደህና ይሆናል፣ ያን ከአፍሽ እንዴት ልንጠቅሽ አሉኝ። እኛ ለእሳቸው ስንዋሽ እሳቸው ለእኔ ሲዋሹ ከርመዋል።

ከዚያ አባትህ አለቀሱልህ። ፍራሽ ተነጠፈ፣ ሙሾ ሊያወርዱ ደረታቸውን ይዘው ጀመሩ፣ ግጥም እምቢ አላቸው። አንድ ቃል አልመጣ አለ። ትንሽ ተወዛወዙና ሰንጠረዡን መጥራት ጀመሩ። አንደኛ የበረሃዎቹ፣ ልጄ። ሁለተኛ የተራራዎቹ፣ ልጄ። ሦስተኛ የሰሜኖቹ፣ ልጄ። አራተኛ ያንተ ልጆች፣ ወረዱብህ ልጄ፣ ግራኙም አነከሰብህ ልጄ። እስከ ውራው ድረስ አንድ ሳይስቱ ጠሩልህ። ከኳስ ምንም የማያውቁት እትዬ ጥሩነሽ ከሁላችን በላይ አለቀሱ። ልባቸው አልቆመም ሰሌ። መለኪያውን እንኳ ያስታወሰ የለም።

ሰው ሁሉ በቃ፣ አሁን ያርፋል አለኝ። እኔም አመንኩ። እሁድ ከሰዓት የኛ ልጆች ሲያሸንፉ ለጋሼ ደወልኩ፣ አሁን የምንደባበቀው የለም፣ በራሴ ስም ልነግራቸው። ግራኙ በአንድ እግሩም ቢሆን ከነሱ ሁለት እግር ይሻላል አልኩ። ድምፄን ሰማሁት፣ የእኔ አልነበረም። ጋሼም ሰሙት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እኔ ልጄን አልቅሼ ሸኝቼዋለሁ፣ አንቺስ? አሉኝ።

እኔስ? እኔ ለካ እንባ አልወጣኝም። በቀብርህ ቀን ሰው ስቀበል፣ ከዚያ ሹራብ ስቀይር፣ ከዚያ ውጤት ስሰበስብ፣ እርሜን ሳላወጣ የዚህ አገር ክረምት አለፈ። አንተን ያቆመህ የአባትህ እንባ አልነበረም። እኔ ነኝ ሰሌዬ።

አልረሳህም። ይሄ ምንም አይከብደኝም፣ እስከ ዕለተ ሞቴ ቃሌ ነው። የከበደኝ ሂድ ማለቱ ነው። ካለቀስኩ እንደምትሄድ አውቃለሁ፣ እንባዬም ይኸው ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል፣ እየዋጥኩት ነው የምጽፍልህ። እንዳደከምኩህ አውቃለሁ። ትንሽ ብቻ ቁምልኝ።

ሚስትህ