የአልባሳት ውድድራችንን ደንብ የጻፉልን የእትዬ ሜትር ኅልፈት

ለማኅበራችን አባላት፣ ለተወዳዳሪዎች፣ ለበጎ ፈቃድ አገልጋዮችና ለወዳጆቻችን በሙሉ፤

የዓመታዊው የገጸ ባሕርይ አልባሳት ውድድር ደንብ አርቃቂ፣ ለአስራ አንድ ጉባኤያት ዋና ዳኛ፣ በሙያቸው ልብስ ሰፊ የነበሩትና ሁላችንም እትዬ ሜትር እያልን የምንጠራቸው እናታችን ባለፈው ረቡዕ ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። የመጻሕፍት፣ የፊልምና የጌም አድናቂዎች ማኅበር ይህን የሚገልጸው በጥልቅ ሀዘን ነው። «በጥልቅ ሀዘን» የሚለው በየመግለጫው ስለሚጻፍ ጆሮ ለምዶታል፤ እኛ ግን የምራችንን ነው። ጽሕፈት ቤታችን ከረቡዕ ወዲህ ስልክ የሚያነሳ ያጣው ሥራ በዝቶበት አይደለም።

ይሁንና ይህ መግለጫ የልቅሶ ብቻ እንዲሆን አንፈልግም። ከማረፋቸው አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አስራ አምስተኛው ውድድራችን ሁለት መቶ አስራ ሁለት ተወዳዳሪዎችን አሳልፎ ያለ አንድ አቤቱታ ተጠናቋል። እሳቸውም በዐይናቸው አይተውታል። ይህ ድል ነው፤ እኛም ድል መሆኑን ጮክ ብለን ለመናገር አናፍርም።

ለማያውቁን ለመግለጽ ያህል፣ በየዓመቱ በምናካሂደው ጉባኤ ተወዳዳሪዎቻችን የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ ልብስ በገዛ እጃቸው ሰፍተው፣ ለብሰው መድረክ ላይ ይወጣሉ። ነገሩ ሲወራ ጨዋታ ይመስላል። መጀመሪያ እኛም እንደ ጨዋታ ነበር የያዝነው፤ ዋጋችንን አገኘን።

በመጀመሪያው ጉባኤ፦ ዘጠኝ ተወዳዳሪዎች ነበሩን፤ ደንብ አልነበረንም። ከመካከላቸው ባለ ሦስት አንገቱ ዘንዶ የአዳራሹ በር ላይ ተሰንቅሮ፣ ሁለት አንገት ውስጥ አንድ አንገት ውጭ ሆኖ፣ ታዳሚውን አንድ ሰዓት ሙሉ አግቶት ቆይቷል። በመጨረሻ ዘንዶውን ለማዳን በሩ ተነቀለ። የአዳራሹ ጠባቂ እስከ ዛሬ ሰላምታችንን የሚቀበሉት በግድ ነው።

በሁለተኛው ጉባኤ፦ እትዬ ሜትር ወደ እኛ የመጡት ዚፕ እንዲጠግኑ ተጠርተው ነው። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ፣ መርፌ ቁልፋቸው ደረታቸው ላይ ነበር። የአሸናፊውን ካፖርት ሊጠግኑ ኮሌታውን ገለበጡና የፋብሪካ ማርክ አገኙ። «እናንተ ልጆች፣ ይሄ እኮ የተገዛ ልብስ ነው! ማንም አልገለበጠውም?» ማለታቸው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። እውነትም ማንም አልገለበጠውም ነበር። ዳኞች ልብሱን ከውስጥም እንዲያዩ የሚያዘው አንቀጽ ሁለት የተወለደው በዚያች ደቂቃ ነው። በሳምንቱ ደንቡን እንዲያረቁልን ለመንናቸው፤ «ሱሪ እንጂ ሕግ ሰፍቼ አላውቅም» ብለው ተቀበሉ።

በሦስተኛው ጉባኤ፦ አናጢው የእትዬ ሜትር ባለቤት በአዳራሹ በር ልክ ከጣውላ የሠሩት መቃን አገልግሎት ላይ ዋለ። በመቃኑ ያላለፈ ልብስ አይመዘገብም። መድረክ ሊወጡ ሲሉ ለሚቀደድባቸው የአስቸኳይ ጥገና ጠረጴዛም በዚያው ዓመት ተዘረጋ። ሁሉም አምሮ ሳለ ከዳኞቻችን አንዱ ዋንጫውን ለገዛ ወንድሙ አንስቶ ሰጠ። ልጁ ጎበዝ ነበር ወይስ አልነበረም? ዛሬም ድረስ ማወቅ አልቻልንም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ግማሹ ተወዳዳሪ የደረት ቁጥሩን ቀዶ መሬት ላይ ጥሎ ወጣ። ማኅበሩ ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው።

በአራተኛው ጉባኤ፦ እትዬ ሜትር ዋና ዳኛ እንዲሆኑ ተመረጡ፤ አንቀጽ አስራ ሁለትንም ይዘው መጡ። የዳኛ ልጅ፣ ወላጅ፣ ባለቤት፣ ወንድም ወይም እህት አይወዳደርም። ዘመዱ እንዲወዳደር የሚፈልግ ዳኛ ከውድድሩ ዘጠና ቀን አስቀድሞ በደብዳቤ ይለቃል። ከአባላት አንዱ፣ «እትዬ፣ ልጅዎስ? ልብሷን ጀምራ የለ?» ሲሉ ጠየቁ። መልሳቸው እንዲህ ተመዝግቧል፦ «ሕግ ከእኔ ቤት ካልጀመረ ከማን ቤት ሊጀምር ነው?»

ልጃቸው ያኔ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበረች። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ድምፅ ሲሰጥ እጇን ለድጋፍ አወጣች። ወጥታ ደረጃው ላይ እንዳለቀሰች የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከአምስተኛው እስከ አስራ አራተኛው ጉባኤ፦ ደንቡ ከአንድ ገጽ ወደ አስራ ዘጠኝ ገጽ አደገ። የመድረክ ቆይታ ዘጠና ሰከንድ ሆነ። ሰይፍና ጦር ከስፖንጅ ወይም ከካርቶን ካልሆነ በር ላይ ይቀራል። ሳያስፈቅዱ የሰው ልብስ መንካት ከአዳራሽ ያስወጣል። የሚረግፍ ብልጭልጭ ክልክል ነው፤ ምክንያቱን የወለል ጠራጊዎቻችንን መጠየቅ ይበቃል። እትዬ ሜትር የውድድሩን እቅድ በስድስት ወር ቀድመው፣ ሳይቃጠል በቅጠል እያሉ፣ በመስመር ደብተር ላይ በእርሳስ ይሠሩ ነበር። አንድ የኮሚቴ አባል «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ቢተርባቸው፣ «ከሁለቱ አንዱ ነኝ፤ የትኛው እንደሆንኩ እናንተ ምረጡ» ብለው ስብሰባውን በሳቅ ገደሉት።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ልጃቸው በጥገና ጠረጴዛው ኃላፊነት አገልግላለች። የሰው ክንፍ ሰፋች፣ የሰው ጭራ ቀጠለች። ቤት ስትገባ የራሷን ትሰፋለች። ባለክንፏን ዘብ ነበር የምትሠራው፤ ራሷ በልጅነቷ የፈጠረቻትን፣ ከተማ ተኝቶ እሷ የማትተኛውን ጠባቂ። ክንፎቹ ከእናቷ ሱቅ በተሰበሰበ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላባ በላባ የተሰፉ ናቸው። ያ ልብስ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መድረክ አላየም ነበር።

በአስራ አምስተኛው ጉባኤ፦ እዚህ ላይ ማኅበሩ ጥፋቱን ያምናል።

እትዬ ሜትር ሐኪሞች የቀራቸው ጊዜ አጭር መሆኑን ሲነግሯቸው፣ መጀመሪያ ያሰቡት ልጃቸው እንድትወዳደር ከዳኝነት መልቀቅን ነው። ለውድድሩ መቶ ሁለት ቀን ሲቀረው በቃል ነገሩን። እኛ ግን «የደንቡ ክለሳ እስኪያልቅ፣ አንድ ስብሰባ ብቻ» ብለን ለመንናቸው። እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። ስብሰባውን አንዴ አዳራሽ ጠፋ ብለን፣ አንዴ ሊቀመንበሩ መንገድ ሄዱ ብለን አራዘምነው። ዘጠና ቀን የሚለውን አንቀጽ በቃላችን የምናውቅ ሰባት ሰዎች ተቀምጠን አንዳችንም አልቆጠርንም። የመልቀቂያ ደብዳቤያቸው መዝገብ ቤት ሲገባ ሰማንያ ሰባት ቀን ቀርቶ ነበር።

ኮሚቴው ጥፋቱ የራሱ ስለሆነ ሦስቱ ቀን እንዲታለፍ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ውሳኔውን ቤታቸው ድረስ ብንልክላቸው፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ ጽፈው መለሱልን፦ «ሦስት ቀን ሦስት ቀን ነው። በስድስተኛው ጉባኤ አንድ ቀን ዘግይታ የመጣች ልጅ ከበር መልሻለሁ። እናቷ እኔ ስላልሆንኩ ነው?»

ተናደድን። በመግለጫ ላይ እንዲህ ይጻፋል ወይ የሚል ካለ፣ ይጻፋል። ልጃቸው ጽሕፈት ቤታችን ድረስ መጥታ «አስራ አንድ ዓመት ጠብቄ በሦስት ቀን ልቅር?» ብላ ፊታችን አለቀሰች። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ፣ እያስታመመቻቸው፣ ሳምንት ሙሉ ተኮራረፉ። በስምንተኛው ቀን ተመልሳ መጣችና እንዲህ አለች፦ «ብትፈቅዱልኝም አልገባም። አሸንፌ በእናቷ ነው ከምባል ቢቀርብኝ ይሻላል። እናቴም ይሄን ነው የምትለው፤ ቀድማኝ ስላለችው ነው የተናደድኩት።»

እትዬ ሜትር ከአልጋቸው ሆነው የላኩልን የዕለቱ መርሐ ግብር የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፦ «የመንገድ ፍተሻ፤ በልጄ። ታዳሚ የለም። ውጤት የለም። ዳኞች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።» የመንገድ ፍተሻ በደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ የሰፈረ የቆየ ሥራ ነው። በሮች ከመከፈታቸው በፊት አንድ አገልጋይ በቤቱ ያለውን ሰፊ ልብስ ለብሶ በመቃኑ፣ በኮሪደሩ፣ በደረጃውና በመድረኩ ያልፋል፤ የሚይዝ ነገር ካለ ይስተካከላል። እስከ ዘንድሮ ድረስ ሥራውን የምንሠራው በካርቶን ክንፍ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሜትር በተሽከርካሪ ወንበር ገብተው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ዳኛ አይደለሁም ብለው የፊት ወንበር እምቢ አሉ። ሦስቱ ዳኞች ግድግዳውን ይዘው ቆሙ፤ የሦስት የተከበሩ ሰዎች ጀርባ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተደርድሮ ነበር። ባለክንፏ ዘብ ክንፏን አጥፋ በመቃኑ አለፈች፣ ደረጃውን ወጣች፣ የመድረኩ መሃል ምልክት ላይ ቆመች። ከዚያ ዘረጋችው። አራት ሜትር ከሃያ። የእናቷ ሱቅ የአስራ አንድ ዓመት ጨርቅ፣ ቀይ በሉት ሰማያዊ፣ የማን ቀሚስና የማን ካፖርት እንደነበረ የማይታወቅ ሁሉ አንድ ላይ ተከፈተ።

አዳራሹ ባዶ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ግን ከመልበሻ ክፍሉ ሰምተው ወጡ። ግማሹ ሳይለብስ፣ ግማሹ አንድ እግር ጫማ አድርጎ፣ ሁለት መቶ አስራ ሁለቱም የጎን መተላለፊያው ላይ ተደረደሩና አጨበጨቡ። አጨበጨቡ ብቻ አይደለም፤ ጮኹ፣ አፏጩ፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። ከዳኞቹ አንዷ፣ ጡረታ የወጡ የቴአትር ቤት አልባሳት ክፍል ኃላፊ፣ «በሕይወቴ ግድግዳ እንደዚያ ቀን ጠልቼ አላውቅም» ብለዋል። ግን አልዞሩም። አንዳቸውም አልዞሩም።

ጭብጨባው ሲበርድ እትዬ ሜትር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የግራው ክንፍ፣ ከታች ሦስተኛው ስፌት ላልቷል» አሉ። «ሌላ እንከን አይወጣለትም» ብለውም ጨመሩ። ልጃቸው ከመድረክ ወርዳ ስታቅፋቸው ሁለቱም አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን፤ የአዳራሹ ጠባቂም ዞር ብለው ዐይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ በሮች ተከፈቱ፤ እሷም ክንፏን አውልቃ ጥገና ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። ዋንጫውን የወሰዱት የባሕር አውሬ ለብሰው የመጡት የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። መድረክ ሊወጡ ሲሉ የተቀደደ እጅጌያቸውን የሰፋችላቸው እሷ ነች።

ለልጃቸው ልዩ ዋንጫ እንዲሰጥ ከአባላት የቀረበው ጥያቄ ደርሶናል። ኮሚቴው አልተቀበለውም። አንቀጽ አስራ ሁለትም እንዳለ ይቀጥላል። ሌላ ብንወስን እትዬ ሜትር ሜትራቸውን ይዘው ይነሱብን ነበር።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው ለአናጢው አባታችን፣ ለልጃቸው፣ ለእህትና ለወንድሞቻቸው፣ በልብስ ስፌት ሱቃቸው አብረዋቸው ለኖሩ የሥራ ባልደረቦች፣ በመቃናቸው ላለፉና ከመቃናቸው ለተመለሱ ተወዳዳሪዎች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ሰው ደንብ ጽፎ ይሄዳል፤ እሳቸው ደንብ ወዳድ ሁለት መቶ ሰው ትተው ነው የሄዱት። ኮርተንባቸዋል።

የአስራ ስድስተኛው ውድድር ምዝገባ ትናንት ጠዋት ተከፍቷል። ልጃቸው ከቀብር በሦስተኛው ቀን፣ ጥቁር እንደለበሰች፣ በሩ ሳይከፈት ደርሳ ጠበቀችን። ቅጹን ቁጭ ብላ ሞላች፦ የልብሱ ስም፣ ስፋት፣ ክብደት። «በዳኞች መካከል የሥጋ ዘመድ አለዎት?» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ልንጽፍላት ብንጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። «የለኝም» ብላ በራሷ እጅ ጻፈች፤ ፈረመችም። ቁጥር አንድ ሆና ተመዝግባለች።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ