ገብስማና የጥንቅሹ ቤት

ጥር 5፣ ጠዋት
ዶሮዬ ገብስማ ዛሬም ቃሪያው መደብ ገባች። ለሦስተኛ ጊዜ። አሥሩን ጫጩቶቿን አስከትላ ጫረችው። የተነቀለው ችግኝ ብዙ ነው፣ ሥሩ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። እማየ ጀሪካን ይዛ መጣችና አየች። አልጮኸችም። እማየን የምፈራት ሳትጮህ ስትቀር ነው። የተነቀለውን መልሳ ተከለች፣ ከዚያ ነገረችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆቦ ገበያ ስትወርድ ዶሮዋን ልትሸጣት ይዛት ትሄዳለች። እስከዚያ አንድም ችግኝ ካልተነካ ግን ትተዋታለች።

ደብተሬ፣ ለአንተ ነው የምናገረው፣ ለእማየ መልስ አልሰጠሁም። ገብስማን ያስታቀፍኳት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ እንቁላል፣ ከጭዱ ሥር ሚስማር፣ ነጎድጓድ እንዳያመክነው። ዝናብ የለም፣ ቢሆንም አደረግኩ። አሥሩ ተፈለፈለ። ከስድስተኛ ክፍል ት/ቤት ካቆምኩ ወዲህ እኔ ጀምሬ እኔ የጨረስኩት ነገር ይኼ ብቻ ነው።

ጥር 6፣ ከሰዓት
ሐሳብ መጣልኝ። የማሽላ አገዳ ቤት። እንደ ተደፋ ትልቅ እንቅብ፣ ዶሮዋም ጫጩቶቹም ከሥሩ። ነፋስ ይገባል፣ ገብስማ አትወጣም።
ጦይባንና ሩቅያን አገዳ አምጡ ብዬ ወደ እርሻው ላክኳቸው። ጦይባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሩቅያ አምስት። ሁለቱም እህቶቼ ናቸው፣ ሁለቱም ወሬኞች። የእኔን ድርሻ ጭምር ያወራሉ።
ቆይተው መጡ። አገጫቸው ያብረቀርቃል።

ጥር 7፣ ሳይመሽ
ጨረስን! አገዳው እርጥብ ስለሆነ እሺ ብሎ ይታጠፋል። የማዳበሪያ ጆንያ ተርትረን በክሩ አሰርነው። ጦይባ ትይዛለች፣ እኔ አስራለሁ። ሩቅያ የለስላሳ ቆርኪ በሚስማር በስታ ዙሪያውን ሰቀለች። ሲነፍስ ይንሿሿል። አባቴ ከማሳ ሲመለስ ዞሮ ዞሮ አየው። በእግሩ ነካ አደረገው። አልተነቃነቀም። እንደገና ዞረው።
እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም።

ጥር 9፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል
ጉንዳን።
ቤቱ ጥቁር ሆኗል። ገብስማ ትዘላለች፣ ትጮኻለች። በእጄ ገልብጬ አወጣኋቸው። እጄ ሁሉ ተነክሷል። ሁለት ጫጩት ሞተዋል።
ተራ አገዳ አልነበረም። ጥንቅሽ ነው። ልጆቹ እየመጠጡ የሚውሉት ጣፋጩ። የሚጣፍጠውን መርጠው ግማሹን በልተው ግማሹን አመጡልኝ። በተቆረጠው ጫፍ ሁሉ ስኳሩ ይንጠባጠባል። እነሱን ምን እላቸዋለሁ? እኔ ራሴ የተረፈውን ቁራጭ እየመጠጥኩ ነው ያሰርኩት። እየጣፈጠኝ! ጉንዳን ስኳር እንደሚወድ ሩቅያ እንኳን ታውቃለች።

እዚያው ቀን፣ ረፋድ
ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ጩኸት ሰምታ መጣች። ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ። «ምነው ልጄ፣ ለዶሮ የስኳር ቤት! ሰርጓ መቼ ነው?» ሌሎች ሴቶችም አጥሩ ጋ ቆመዋል። ቤት ገባሁና በሩን ገፋሁት። ጦይባ ውጭ ስትጮህ ሰማሁ፦ «እኛ ነን ያመጣነው! በእሷ አትሳቂ!» እትዬ ዘሀራ የባሰ ሳቀች፣ ግን ይቅርታ ብላ ሄደች።
ከበሩ ኋላ አለቀስኩ። ስለ ጫጩቶቹ ነው። ትንሽም ስለ ሳቁ።

ጥር 10
እንደገና። አሁን ካምና የደረቀውን አገዳ ከክምሩ ራሴ መረጥኩ። እየሰነጠቅኩ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፣ እንዲታጠፍ። ከእያንዳንዱ ትንሽ ቀመስኩ። ጦይባ አፌን እያየች ትስቃለች። ቀምሼ ገለባ ገለባ ካለኝ «ይለፍ» እላለሁ፣ እሷ ታቀብለኛለች።
ዙሪያውን የአመድ ቀለበት። ጉንዳን አመድ አይሻገርም ይላል አባቴ።

ጥር 13
አራት ቀን ሆነ ማለት ነው? ሦስት። ስምንቱም ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።
ባለፈው ያላሰብኩት ነገር፦ ቤቱ ቀላል ነው፣ ይነሳል። በየጠዋቱ እኔና ጦይባ አንስተን ባዶው መደብ ላይ አንድ እርምጃ እናሻግረዋለን። ሩቅያ አመዱን ትበትናለች። ገብስማ ከሥሩ ስትጭር ትውላለች። አረሙን ነቅላ፣ ትሉን በልታ፣ ኩሷን ጥላ። ስናሻግራት ከኋላዋ የሚቀረው አፈር ለስላሳ ነው። አባቴ በዶማ እንዲህ አያደርገውም። (ይህን እንዳያነብ!)

ጥር 16
እማየን ገብስማ በጫረችው አፈር ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አፈሩን በጣቶቿ ትፈትጋለች። እንዳላየሁ ሆኜ ተመለስኩ። ከሰዓት ስወጣ እዚያው ላይ አዲስ ችግኝ ተተክሏል፣ በቀጥታ መስመር። የድሮው መደብም አልተነካም፣ አንድም።
ስለ ገበያው ግን ቃል አልተናገረችም። መጠየቅ አልቻልኩም። እራት አልበላሁም።

ጥር 19፣ ጠዋት 1 ሰዓት
የገበያ ቀን። እማየ ሽንኩርቷን በጆንያ ሞላች። ገመድም በእጇ ነው። ወደ አገዳው ቤት ሄደች። እግሬ ቀድሞኝ ሄደ። ፊቷ ቆምኩ። «እማየ፣ አትሽጫት» አልኩ። ድምፄ ወጣ! ጮክ ብሎ፣ እስከ አጥር የሚሰማ።
እማየ አየችኝ። ገመዱን አየች።
«ገመዱ ለጆንያው ነው» አለች። «እሷን ማን ይሸጣታል? ሥራ ላይ ናት። ማታ እስክመለስ ወደ ባዶው የጎመን መደብ አሻግሪልኝ።»
ጦይባ ተንከባልላ ሳቀች። እኔም።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት 10 ሰዓት
እትዬ ዘሀራ መጣች። አልሳቀችም። የእሷም ዶሮዎች ጎመኗን ጨርሰዋል። ነገ ቤቷ መጥቼ ለልጆቿ አሠራሩን እንዳሳያቸው ትፈልጋለች። አምስት ልጆች ናቸው፣ የእህቷም ይመጣሉ። ጦይባ «እኔ አስረዳለሁ» ብላ እጇን አወጣች። እትዬ ዘሀራ ግን እኔን ነው የምታየው።
እሺ አልኩ። ራሴ፣ በራሴ አፍ።
ነገ እሄዳለሁ ደብተሬ። መጀመሪያ አገዳውን አሳያቸዋለሁ፣ ከዚያ አሰነጣጠቁን፣ ከዚያ… ኧረ ጦይባ ትጠራኛለች፣ ማሻገሪያው ሰዓት ደረሰ።