የሆባርትን ዜማ ያስመለስንበት ቅዳሜ

ለውድ እህቴ ለኢላ፣

ሰላምታዬ ከበረንዳዬ ተነሥቶ ኦሃዮ ወንዝን ተሻግሮ ዲትሮይት ድረስ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? ባልሽ ቨርጂልስ እንዴት ነው፣ የፋብሪካው ጩኸት የደፈነበት ጆሮ ተከፈተለት? ልጆቹ ደህና ናቸው? ብርዱ እዚያ ቀድሞ ይገባል ብለሽኛልና ካፖርታቸውን ከሣጥን አውጪላቸው። እኛ የባሌ የሆባርት ሳል ካልሆነ በቀር ደህና ነን። ሳሉም ቢሆን አሁን ለመድነው፤ ጠዋት ጠዋት ከዶሮው ቀድሞ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው።

ስለ እማማ ሞዜል ጠይቀሽኝ ነበርና ከሷ ልጀምር። የሐሞት ጠጠሯን በኦገስት አውጥተውላታል። ጠጠሮቹን በጠርሙስ አድርጋ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች ይባላል። ትልቋ ልጇ አራተኛዋን ወልዳለች፣ ሴት ናት፣ ስሟን ሩቢ ብለዋታል። እህል አልስማማት ብሎ እማማ ሞዜል በሾርባ ብቻ ነው ያለችው አሉ። «ይባላል» እና «አሉ» እያልኩ የምጽፍልሽ በዓይኔ ስላላየሁ ነው። አጥራችን አንድ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ጨውና ዱቄት ስንበዳደር የኖርን ሰዎች፣ ይኸው ከተኳረፍን ስድስት ሳምንታችን። ምክንያቱ ልጇ ዶይል ነው። ነገሩን የጀመርሽው ደግሞ ሳታውቂው አንቺ ነሽ።

በጁላይ የላክሽልኝ ደብዳቤ ትዝ ይልሻል? ሳህን ስታጥቢ ሬዲዮው ጊታር መጫወት ጀመረ። «ሆባርት ነው፣ ና ስማ» ብለሽ በእጅሽ አረፋ እንደያዝሽ ቨርጂልን ጠራሽው። ኋላ የሬዲዮው ሰውዬ ተጫዋቹ ዶይል ክራብትሪ ነው ሲል፣ የሰፈራችን ልጅ እዚህ ደረሰ ብለሽ በደስታ አለቀስሽ። ጠያቂው «ዜማው መሀል ላይ ያለችውን ያቺን ዝምታ ከየት አመጣሃት?» ቢለው ዶይል «በሕልሜ ነፋስ ቀጥ ሲል ሰማሁ» ብሎ መለሰ። የዜማዋንም ስም በእናቱ «የሞዜል ራግ» አላት፤ ራግ ያሉት የጭፈራ ዜማ ነው። ይህን ሁሉ የጻፍሽልኝ ደስ ይበላት ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ደብዳቤሽን አጣጥፌ ከዱቄቱ ጣሳ ሥር ከተትኩና እሳት እንደጎረሰ ሰው ቤቱን ስዞረው ዋልኩ።

የሆባርት ግራ እጅ በሁለት የከሰል ፉርጎ መሀል የገባ ጊዜ አንቺ ሄደሽ ነበር። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ እዚያው ቀሩ። ሦስት ወር ሙሉ ጊታሩ ከግድግዳ አልወረደም። ከዚያ አንድ ቀን አወረደውና በተረፉት ጣቶች እንደ ተሰበረ ገንቦ አንድ በአንድ ይገጣጥም ጀመር። የቀኝ እጁ ምንም አልሆነም። አውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር እንደ ባቡር ይረግጣል፤ ሌሎቹ ጣቶች ቀጭኑ ላይ ይጨፍራሉ፤ የማያውቅ ሰው ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ቢሰማው ሁለት ሰው ነው ብሎ ይምላል። ግራ እጁ ግን አንድ ቦታ ላይ ሩቅ መዝለል አለባት፣ በሦስት ጣት አትደርስም። እስክትደርስ አንዲት ምት ባዶ ትቀራለች። ያቺ ዝምታ ይህች ናት፤ የባሌ ጣት ናት። ዶይል ያን ክረምት ሙሉ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ፣ የበቆሎ ዳቦዬን እየበላ፣ ዜማዋ ስትገጣጠም በዓይኑ አይቷል። አምስት ጣት ይዞ ሳለ ዜማዋን ከነዝምታዋ አንጠልጥሏት ወደ ሙዚቀኞቹ ከተማ ወደ ናሽቪል ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ በጸደይ ሆባርት በአርሊስ ፀጉር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወታት። ያቺ ባዶ ቦታ ስትመጣ አርሊስ ምላጩን እንደያዘ ወለሉን በጫማው አንዴ መታው። እንዳትወድቅ መደገፉ ነው። ሆባርት ቀና ብሎ አየውና ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እዚያ የሚቀመጥ ሁሉ በዚያች ቦታ ጫማውን ያሳርፋል። የኛን ሰው ታውቂው የለ፣ ማጨብጨብ አይወድም፣ እሰይም አይልም። ወንበሩን ወደ ሆባርት ቀኝ እጅ ጎትቶ አውራ ጣቱን ያያል፣ ቦታዋ ስትደርስ ይረግጣል፣ ሲያልቅ «እህ» ይላል። ለሆባርት ይህ ከወርቅ ሜዳሊያ ይበልጥበታል።

ደብዳቤሽን ባነብለት «ዜማ ላም አይደለችም፣ ጋጥ ገብቶ ነዳብኝ አይባልም። ተይው» አለኝ። ያቺን እጁን እንደ ልማዱ ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው እንዲህ ያለኝ። አልተውኩትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሐኪሙ ስለ ሳንባው የነገረኝን አንቺም ታውቂዋለሽ። ባሌ አፈር ሲለብስ ዜማዋ የሰው ሆና እንድትቀር፣ ሰዎችም በቀብሩ ላይ «የሞዜልን ራግ አሳምሮ ይጫወት ነበር» እንዲሉለት አልፈቅድም።

መጀመሪያ ለእማማ ሞዜል ነገርኳት፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ከሚነግራት ብዬ። «ቅናት ነው። ያንቺ ቤት ጊታር ፀጉር ቤት ቀረ፣ የኔ ልጅ ከተማ ገባ» አለችና በሩን ዘጋችው። በዚያው ሰሞን ዶይል ሴፕቴምበር ማለቂያ ላይ መጥቶ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሊጫወት ነው ተባለ። ማስታወቂያው ፖስታ ቤት በር ላይ ተለጠፈ፣ የከንቲባው ሚስት ኬክ ልትጋግር፣ ልጆች ባንዲራ ሊያውለበልቡ። እኔም መሐረቤን አሰርኩና ቤት ለቤት ዞርኩ።

አርሊስ «ዜልማ፣ ከዚህ ጉድጓድ ወጥቶ ሬዲዮ ላይ የተናገረ ሰው እሱ ብቻ ነው። እሱንም በጫማ እናባርረው?» አለኝ። «አታባርረው። ፉጨትም ጩኸትም አልፈልግም። በየቅዳሜው የምታደርጋትን አድርግ፣ ሌላ ምንም» አልኩት። ምላጩን መሳል ቀጠለ። ፖስታ ቤት የምትሠራው ዋኔታ ደግሞ «እግሬን ሪህ ይዞታል፣ ለእግዚአብሔርም መንበርከክ አቅቶኛል» ብላ ሳቀችብኝ። ከሆባርት ጋር ማዕድን የወረዱት እንኳ መሬት መሬት እያዩ «እስቲ ይሁን» ነበር የሚሉኝ። አዎ ያለኝ አንድም ሰው የለም። ቢሆንም የእሑድ ጫማዬን ተረከዝ ብረት አስመታሁበት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሆባርትን ለምኜ ነው ያመጣሁት። አየር እንዲያገኝ ከኋላ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔ መሀል ገባሁ። እማማ ሞዜል ከፊት፣ አዲስ ባርኔጣ አድርጋ። ልንገርሽ፣ ልጁ ይችላል። ክፉ ቢጫወት ኖሮ ንዴቴ በቀለለ ነበር። አራት አምስት ዜማ ተጫውቶ «አሁን በሕልሜ ያገኘኋትን» ሲል ጫማዬን አመቻቸሁ። ጀመረ። ዜማዋ ሦስቴ እንደምትዞር ታውቂያለሽ። በመጀመሪያው ዙር ቦታዋ ስትደርስ ረገጥኩ። ብቻዬን። ድምፁ ሣጥን የወደቀ መሰለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ የመምህሩ ሚስት «እሽሽ» አለችኝ። ኢላ፣ እዚያች ላይ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ለመነሣትም ጊዜ አልነበረም።

በሁለተኛው ዙር ከመስኮቱ በኩል አርሊስ ረገጠ። ከሱ ጋር አምስት ስድስት የማዕድን ጫማዎች። ዶይል ቀና አለ፣ ፈገግታው ከፊቱ ወረደ። ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ይህ ልማድ ሲጀመር እዚህ አልነበረማ። የሆነ ነገር እንደመጣበት ግን ገብቶታል። በሦስተኛው ዙር አዳራሹ በሙሉ ረገጠ። ዋኔታም በዚያ በሪህ እግሯ። አንዲት ምት ብቻ፣ ሁለት መቶ ጫማ እንደ አንድ ሰው፤ የጣሪያው አቧራ ባንዲራዎቹ ላይ ዘነበ። ቀጥሎ የሆነውን እኔ ለማንም አላዘዝኩም። አርሊስ ተነሣና የብረት ወንበሩን አዞረ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ሆባርት። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ ረድፉ በሙሉ። የወንበር ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ዶይል መድረክ ላይ ጊታሩን አቅፎ የሰው ጀርባ ብቻ እያየ ቀረ፣ አውራ ጣቱም ቆመ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም ሳስታውሰው ምሳዬ ይጣፍጠኛል።

ላንቺ ብቻ የምነግርሽ ነገር ግን አለ። ያ ሁሉ ፊት ወደሱ ሲዞር የሆባርት መልክ፣ ገላውን ሲታጠብ በር የተከፈተበት ሰው መልክ ነበር። ሁሉም የሚያየው እጁን ነው። አሥራ አንድ ዓመት የደበቃትን እጅ። ወጥቶ መኪና ውስጥ ተቀመጠ፤ ቤት ስንደርስ «የሱን ሌብነት ልታሳዪ የኔን ጉድለት አወጣሽው» አለኝ፤ ከዚያ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ልክ ነው። ብጸጸት ደግ ነበር፣ ግን አልጸጸትኩም። ተመልሶ ቅዳሜ ቢሆን መልሼ እረግጣለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሰው መምጣት ጀመረ። አርሊስ የፖም ኬክ ይዞ መጣና ለሆባርት «እስከ ዛሬ የምንረግጠው ለጣትህ አዝነን መስሎህ ከሆነ ቂል ነህ። ዜማዋ እዚያ ጋ ስለምትጠራን ነው» አለው። ሆባርት እስኪያስለው ሳቀ፣ ከዚያ እኔን «ጨው አቀብይኝ» አለኝ፤ ታረቅን ማለት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ በር ድረስ ሞልቶ ነበር። ከሌላ አውራጃ የመጣ አንድ ገበሬ በሰው ትከሻ አጮልቆ «ሁለተኛው ተጫዋች የት አለ?» ቢል አንዱ «ፀጉሩን ሊላጭ ገብቶ ነው» አለው። እማማ ሞዜል ደግሞ ልብስ ሳሰጣ በአጥሩ በኩል መጥታ ቆመች። ከስታለች። «ስሜን ከሰው ዕቃ ላይ አንሥተሽልኛል። ልክ ነሽ» አለችኝ። አፌን ስከፍት «ቤቴ ግን እንዳትመጪ» ብላ ተመለሰች። የሩቢን ሹራብ ጨርሼዋለሁ፣ በማን እንደምልከው እያሰብኩ ነው።

እንግዲህ ለቨርጂል ሰላም በይልኝ፣ ጆሮውን በሞቀ ዘይት ይታሽ። ትልቁን ልጅሽን ሮስኮን አክስትህ ፎቶግራፍህን አላየችም በይው። ለመንታዎቹ ለፐርልና ለኦፓል ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ትንሹ ሌስተር አሁንም ጣቱን የሚጠባ ከሆነ ቃሪያ ቀቢው። ላይ ቤት ላለችው ለፖላንዳዊቷ ጎረቤትሽም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በታመምሽ ጊዜ አልተለየችሽም።

እዚህ ድረስ ትናንት ጽፌ ፖስታውን ሳላሽገው አደርኩ። ደግ አደረግሁ። ዛሬ ጠዋት ዶይል መጣ። በረንዳው ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ግባም ተቀመጥም አላልኩት። «አክስቴ ዜልማ፣ ሸክላውን ላሳተሙት ሰዎች ነግሬያቸዋለሁ። የሚቀጥለው ሲታተም የአጎቴ ሆባርት ስም ይወጣል» አለኝ። «እሱ ወረቀት ነው። የዋሸኸው በአፍህ ነው፣ የምታስተካክለውም በአፍህ ነው» አልኩት። እሑድ ያው ሬዲዮ ጣቢያ እንደጠራው፣ ግን እንደሚስቁበት ነገረኝ። «ይሳቁብህ። ያቺ ዝምታ ከሕልም አልመጣችም፣ ከሁለት ፉርጎ መሀል ነው የመጣችው ብለህ ትናገራለህ። እኔ እዚህ ሆኜ እሰማሃለሁ፣ እህቴም ዲትሮይት ሆና ትሰማሃለች። ከዚያ በኋላ መጥተህ በሬን ማንኳኳት ትችላለህ» አልኩት። ሆባርት ከውስጥ ሆኖ ሁሉንም ይሰማ ነበር። «ልጁ በብርድ ይቆማል እንዴ፣ ይግባ እንጂ» አለ። «እሑድ ይለፍ» አልኩ። ሆባርትም በመስኮቱ «ዶይል፣ እኔ ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ። ቂሙን ለሷ ነው የተውኩላት፣ እኔ ለሱም ትንፋሽ የለኝም» አለው። ዶይል ባርኔጣውን አጠለቀ። ደረጃውን ወርዶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና «እሺ አክስቴ፣ እሑድ» አለ።

እህትሽ ዜልማ
ቤል ሆሎው፣ ኬንታኪ
ኦክቶበር 19 ቀን 1967