አዎ፣ የእናትሽን ጣውላ ቆርጬዋለሁ

ይድረስ ለልጄ ለሳሮን፣ ጅግጅጋ።

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ባልሽ ዘመንፈስቅዱስስ? የልጅ ልጄ ሀኒስ፣ ያ የደረቷ ሳል ለቀቃት? የአገሩ ሙቀትስ እንዴት ያደርጋችኋል? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ላይ ያማርራል። ላሟም ደህና ናት። በስልክ ስትቆጪኝ አፌ ስለሚያያዝ በእጄ ጻፍኩልሽ። ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ፤ ነገሩ ግን አልተንጋደደም።

አዎ፣ የእናትሽን የእንሰት መፋቂያ ጣውላ ቆርጬዋለሁ። አክስትሽ አትጠገብ የነገረችሽ እውነት ነው። «አባባ አርጅቶ አእምሮው ዞሯል፣ ላሟን ሽጦ ዲላ ወንድሜ ቤት ይግባ» ማለትሽን ግን አልቀበልም። ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ስሚኝ። የላክሽልኝ የፀሐይ መብራት ክረምቱን ሙሉ በጉም ታፍኖ ተኛ። እዚህ ቡሌ ላይ ፀሐይ እንግዳ ናት፣ ነፋስ ግን ባለቤት ነው። ስለዚህ ከዲላ ጋራዥ ዲናሞና አሮጌ ባትሪ አምጥቼ፣ ከባሕር ዛፍ ሦስት ክንፍ ጠርቤ ጓሮ ምሰሶ ላይ ሰቀልኩ። ሰፊ ቅጠል ብዙ ነፋስ ይይዛል ብዬ ክንፉን እንደ እንሰት ቅጠል አሰፋሁት። እንደ እርጉዝ ላም እየተንፏቀቀ ዞረ፤ አምፖሉ እንኳ አልቀላም። ጎረቤታችን ሽብሩ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «ምነው ሽማግሌው፣ ዝንብ ልታባርርበት ነው?» አለኝ። የትምህርት ቤቱ መምህር ተክለብርሃን መጥቶ አየና «አባባ፣ ስፋቱ ነው የሚጎትተው። ጫፉን ያጥብቡት፣ ሥሩን ጠምዘዝ ያድርጉት» አለኝ። እኔም ስለ ቅጠል ለጌዴኦ ሰው ልታስተምር ነው ወይ ብዬ ሸኘሁት። ብዙም ሳይቆይ ባሕር ዛፉ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ አንዱ ክንፍ በርሮ የሽብሩን ጎመን አጨደ። ያኔ መምህሩን አስጠራሁት።

ደረቅ እንጨት ፍለጋ ቤቱን ብዞር፣ ያልጎበጠ ዋንዛ ያ ጣውላ ብቻ ነበር። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ግድግዳ ተደግፎ ምስጥ ይጠብቅ ነበር። አንቺ ጅግጅጋ ልትወስጂው ነበር? አክስትሽስ አንድ ቀን ፍቃበት ታውቃለች? መሃሉ በእናትሽ የቀርከሃ መፋቂያ ተበልቶ ጎድጎድ ብሏል። መምህሩም የክንፉ ፊት እንዲህ ጎድጎድ፣ ጀርባው ደግሞ ሞላ ይበል ነው የሚለው። ስለዚህ ለሦስት ክንፍ ቆርጬ ጀርባውን ጠረብኩ፣ ጫፉን አጠበብኩ፣ ሥሩን ጥቂት ጠመዘዝኩ፤ እሷ ያጎደጎደችውን ግን መጥረቢያ አላስነካሁም። አሁን ያለ እረፍት ይሽከረከራል። ድምፁ ሽው ሽው ይላል፤ እናትሽ ስትፍቅ የነበረውን ታስታውሺ የለ? ሽብሩም ስልኩን ሊሞላ ይመጣል፤ ስለ ዝንብ አንስቶ አያውቅም።

ቁጣሽ ካልበረደ ነይና ራስሽ አውርጂው፤ መሰላሉን እኔ እይዝልሻለሁ። ግን ሲመሽ ነይ። የእናትሽን ቤት መብራት ገና ከታች ከመንገዱ ታይዋለሽ፤ ፍርዱን ከዚያ በኋላ ስጪ።

ዘመንፈስቅዱስን ሰላም በይልኝ። ሀኒን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አያትሽ ነፋስ ገርቷል በያት። ወንድምሽ የዲላውን ክፍል ላከራይ ወይ ብሎ ከጠየቀሽ፣ ያከራይ በይው።

ከቡሌ የማይወርደው አባትሽ

ቡሌ፣ ጌዴኦ ዞን
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.