ጉድለቱን ወደ ውስጥ አጥፎ

ሰኞ

ለመላው የአዲስ ከተማ ነዋሪ፣ ለነጋዴውም ለወዛደሩም እንዲታወቅ፦ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የደረሰበት ጠፍቶ የነበረው የግራ እግር ካልሲዬ ዛሬ ማለዳ በደህና ተገኝቷል። የተገኘው የሻይ በራዱ ውስጥ ነው። ሻዩን ከጠጣሁ በኋላ።

የከተተችው የልጅ ልጄ ምሕረት ናት። ሃያ ዓመት ሆኗታል። አእምሮዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው። ቃል እምብዛም የላትም፤ ያገኘችውን ዕቃ ግን ሌላ ዕቃ ውስጥ መክተት ትወዳለች። "ዛሬ ሻዩ ወዝ አለው!" ብዬ ሳመሰግናት ከት ብላ ሳቀች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ካረፈች ቆይታለች። ባለቤቴም አምና ተከተለቻት። ከዚያ ወዲህ ምሕረትን የምታጥባት፣ ልብሷን የምትቀይርላት ጎረቤታችን ሩቂያ ናት። እሷ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ቅዳሜ ዕቃዋን ትጭናለች። እኔ ወንድ አያት ነኝ። ያደገች ሴት ልጅ ገላ እንዴት ብዬ አጥባለሁ?

ወረዳው እንዲህ ላሉ ልጆች እቤት ድረስ የምትመጣ ረዳት ይመድባል አሉ፤ ደመወዟን መንግሥት ይከፍላል። ቀን ቀን የሚውሉበት ማዕከልም አብነት አካባቢ አለ። ረቡዕ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መጥታ ቤታችንን ታያለች።

ካልተሳካስ? ገጠር ያለው ወንድሜ በደወለ ቁጥር "ላካት፣ እዚህ ግቢው ሰፊ ነው" ይላል። ሰፊ ግቢ የሚላት የትኛዋን ጓዳ እንደሆነ አውቃለሁ። መስኮት የላትም።

ማክሰኞ

የዛሬ ሥራ፦
ወለሉን በሳሙና ማጠብ።
ከጫማ ሻጩ ጎረቤት ምንጣፍ መዋስ።
የምሕረት ሹሩባ (በሩቂያ)። ምሕረት ሁለት ጊዜ ፈታችው።
የእኔ ጢም (በራሴ)። የተቆረጠው አገጬ ነው።
ገመዱን ከበሩ ፈትቶ ፍራሽ ሥር መደበቅ።

ስለ ገመዱ፦ ዳቦ ልገዛ ስወጣ በሩን ከውጭ የማስርበት ነው። ምሕረት የመኪና ጥሩምባ ስትሰማ ወደ ድምፁ ትሮጣለች። መርካቶ ደግሞ ጥሩምባ የማይሰማበት ሰዓት የለም። ምን ላድርግ? ግን ይህን ማንም ማየት የለበትም።

ሩቂያ ምንጣፉን እያቃናች "ደምሴ፣ እንግዳ ሲመጣ ቤት ደምቆ ይታያል" አለችኝ። ለእኔ ነው ይህ የሚነገረው? ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተበላሸው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ደህናው ወደ ገዢው ይዞራል።

ረቡዕ

ድል በድል ሆነናል!

ሠራተኛዋ ቤዛ ትባላለች። ልጅ እግር ናት፤ ትሁት። ምንጣፉን ላለመርገጥ ጫማዋን ስታወልቅ "ግቢ ልጄ፣ ምንጣፉ የሰው ነው" ልላት ትንሽ ነው የቀረኝ።

"ጋሼ፣ ኑሮ እንዴት ነው?" አለችኝ።
"ተመስገን! ምን ጎድሎን።"
"ማነው የሚያጥባት?"
"ኧረ ሰው ሞልቶ! ሰፈሩ ሁሉ እናቷ ነው።"
"ብቻዋን የምትሆንበት ጊዜ አለ?"
"እኔ አያቷ ቆሜ?"

እሷ ትጽፋለች። ምሕረት ደግሞ እንደ ዛሬ ጨዋ ሆና አታውቅም። ከሱቁ የተረፉኝን የሸሚዝ ቁልፎች ዘርግታ በየቀለማቸው ስትለይ ቆየች። አንድም ጊዜ አልጮኸችም። በመጨረሻ አንዷን ቀይ ቁልፍ ቤዛ ቦርሳ ውስጥ ከተተችላት። ቤዛም "በጣም ጎበዝ ናት" አለች። ኩራቴ ጣራ ነካ።

አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ከነከነኝ። ስትወጣ በሩ ላይ በውጭ በኩል ያለውን ሚስማር ዳሰሰችና "ይኼ ምንድነው ጋሼ?" አለችኝ። "ድሮ ልብስ የምናሰጣበት" አልኳት። ሚስማሩን መልሳ አየችውና ሄደች።

ሐሙስ

ምሕረትን ለሩቂያ ትቼ ወረዳ ሄድኩ። ነገ ኮሚቴው ተቀምጦ የሚያጸድቀው የስም ዝርዝር ተለጥፏል።

ምሕረት የለችበትም።

ቤዛ አንገቷን ደፍታ "በቂ የቤተሰብና የጎረቤት ድጋፍ ያላት ተብላ ነው" አለችኝ።

"ማን ነው እንዲህ ያለው?" ብዬ ጮህኩ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያሉት።"

ቀስ ብላ ወደ ጥግ ወሰደችኝና ሚስማሩን እንዳየችው፣ ግን እኔ ያልነገርኳትን ከራሷ ጨምራ መጻፍ እንደማትችል ነገረችኝ። ነገ ኮሚቴው ቅሬታም ይሰማል። "መጥተው እውነቱን ይንገሯቸው" አለችኝ።

ለሩቂያ ስነግራት በእጇ የያዘችውን ድስት መሬት አስቀመጠች። "አንተ ሰውዬ! ቤቱን አሳምር አልኩህ እንጂ ችግሩን ደብቅ መች አልኩህ? ገዢ ሲመጣ ጨርቅ ይመሰገናል፤ ሐኪም ሲመጣ ቁስል ይገለጣል። ልጅቷ ልትገዛህ የመጣች መሰለህ? በዚህ መልክህ ማን ይገዛሃል!"

ሌላ ቀን ቢሆን እመልስላት ነበር። ጉድለቱን ወደ ውስጥ አጥፌ ለቤዛ ሸጥኩላት፤ ልጅቷም አምናኝ ገዛች። ያለው ይኸው ነው።

የነገው ያስፈራኛል። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቁኛል፤ እዚህ ሰፈር የምታወቀው በቀልድ ነው። ሰው ሲስቅብኝ እችላለሁ። ሲያዝንልኝ ነው የማልችለው።

ዓርብ

ፊደሉ ቢጣመም አንባቢ ይቅር ይበለኝ። አንባቢው እኔው ነኝ። ይቅር ብያለሁ።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከጁምዓ ሶላት በፊት ነው። ሩቂያ ዕቃ እያሰረች ስለሆነ ምሕረትን የምተውበት የለኝም። ገመዱን ከፍራሹ ሥር አወጣሁ። በሩን አየሁት፣ እሷን አየኋት። ከዚያ ገመዱን ኪሴ ከትቼ እጇን ይዤ ወጣሁ።

አንዋር መስጊድ ጋ ስንደርስ ሰዉ መስገጃውን ማንጠፍ ጀምሯል፤ መንገዱ ጠቧል። አንድ አይሱዙ ከኋላችን ጥሩምባውን ለቀቀው። እጇ ከእጄ ሾልኮ ወጣ። ሮጠች፣ ወደ መኪናው። ጣቃ ጨርቅ የተሸከመ ወዛደር ሸክሙን መሬት ጥሎ በእሷና በመኪናው መሃል ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ "አባት፣ ልጅዎን አይዙም እንዴ?" አለኝ። እጇን በሁለት እጄ አጥብቄ ይዤ መንገዱን ቀጠልኩ።

ቢሮው ስንደርስ ኮሚቴው ሊነሳ ነው፤ ቤዛም ቦርሳዋን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ከልጅነቱ ጀምሮ ደንበኛዬ ነበር። "ጋሽ ደምሴ! ዛሬ ደግሞ ምን ሊሸጡልን ነው?" አለ። ሁሉም ሳቁ። የምመልስለት ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ምሕረት ግን ጎኔ ቆማ ገና ትንቀጠቀጣለች። ቀልዱን ዋጥኩት። ገመዱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

"ይኼ የቤቴ መቆለፊያ ነው" አልኩ። "ዳቦ ልገዛ ስወጣ የልጅ ልጄን በዚህ ዘግቼባት ነው የምሄደው። ረቡዕ ከቤዛ ደብቄዋለሁ። ገላዋን አላጥባትም፤ ነውር ነው፣ እሷም አትወደውም። ስታጥባት የኖረችው ጎረቤት ነገ ትሄዳለች። አሁን መንገድ ላይ አመለጠችኝ፤ ልከተላት ብል እግሬ እንቢ አለኝ። ረቡዕ ተመስገን ያልኩት ለፈጣሪ ነው። ለእናንተ የምላችሁ ጎድሎናል ነው።"

የሳቀ የለም። እዚህ ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ድምፄም ተቆረጠ። ምክንያቱም ከቢሮው ጀርባ የበርበሬ ወፍጮ አለ፤ ብናኙ በመስኮት ይገባል። ኮሚቴው ሁሉ ሲያስነጥስ ነበር።

በዚህ መሃል ምሕረት እጇን ሰደደችና ገመዱን ከጠረጴዛው አንስታ ቤዛ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ልክ እንደ ካልሲዬ። ቤዛም መልሳ አላወጣችውም።

ሰብሳቢው "ነገ እናሳውቅዎታለን" ብሎ ተነሳ። ፊቱን አንብቤ ምንም አላገኘሁበትም።

ቅዳሜ

ለበሩ ገመድ የለም። ስለዚህ ዳቦም የለም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ መቆለፊያው ራሴ ሆኛለሁ።

ሩቂያ ጠዋት ምሕረትን አጥባ፣ ፀጉሯን ሠርታ ጨረሰች። "የምትመጣዋ ሴትዮ ሹሩባውን ከኋላ ጀምራ ትሥራ በላት። ከፊት ከጀመረች ልጅቷ ትጮኻለች" አለችኝ።

"ትመጣለች ያለሽ ማን አለ?"

"አንተ ብቻ ንገራት!" ብላ ተቆጣችኝና ፊቷን አዞረች። ሹፌሩን፣ ከሰፈር እስኪወጣ ጥሩምባ እንዳይነካ አስምላው ሄደች። መኪናው ኮሽ ሳይል ወጣ። ምሕረት ባዶውን የሩቂያን በር ስታይ ቆየች።

ቤዛ ከቀትር በኋላ መጣች። ቆማ ነገረችኝ፦ ከሰኞ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ጠዋት አንዲት ሴት ትመጣለች። ለጊዜው ነው፣ ከዚያ እንደገና ይታያል። ማዕከሉ ግን ሞልቷል፤ ወረፋ ላይ ነን።

"እንደገና የምታዪው አንቺ ነሽ?" አልኳት።

"እኔ ነኝ።"

"ምንጣፍ አላነጥፍልሽም።"

"እንዳያነጥፉ!" ብላ ሳቀች። ገመዱን አላመጣችልኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ሦስት ጠዋት። የቀሩትን ጠዋቶች እንዴት እንደምወጣቸው አላውቅም። ወንድሜ ሲደውል ግን "ግቢህን እግዜር ያስፋልህ፤ እኛ ሰኞ እንግዳ አለብን" አልኩት።

ይህን ማስታወሻ አሁን መልሼ ሳነበው ወደ ውስጥ የታጠፈች አንዲት ነገር አገኘሁበት። ካልሲው እውነት ነው። አይሱዙውም እውነት ነው፤ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ይመጣብኛል። ከወረዳው ቢሮ ጀርባ ያለው ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። በርበሬ የሚባል ነገር አልነበረም። ያስነጠሰም ሰው የለም።